ሾላ በድፍን፦ የሾላ ቤተሰብ ዝርያዎችና ሥርጭታቸው በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ



የዛሬው ንግግር ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከወጣ በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ አስቁሞ «የዝናብ ደን ቤተሰብ በስማዳ? ለመሆኑ ዝናቡ የት አለና ነው?» አለኝ። በቀልድ የተነገረ ቢሆንም ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ንግግሬም በአመዛኙ ለእርሱ የሚሰጥ መልስ ነው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ስማቸው የሚነሣው በተራቆተ ተዳፋት፣ በታጠበ አፈርና በሴፍቲኔት መርሐ ግብር ነው። የዝናብ ደን ሲባል ሐሳባችን የሚሄደው ወደ ከፋና ወደ ሸካ፣ ከአገር ሲወጣም ወደ ኮንጎና ወደ አማዞን ነው። ይሁንና የዚያ ደን ዘመድ የሆነ አንድ የዕፀዋት ቤተሰብ በእነዚህ ወረዳዎች በየገበያው፣ በየምንጩና በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ቆሟል። በጥላው ሥር እንሸመግላለን፣ ዕድር እንቀመጣለን፣ ከብት እናሳርፋለን፤ የማን ዘር እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ አንጠይቅም።

ቤተሰቡ በሳይንሳዊ ስሙ ሞራሴኤ ይባላል። እኔ ዛሬ የሾላ ቤተሰብ እለዋለሁ። ዋርካ፣ ሾላ፣ ባምባ፣ ጭብሃና በለስ የዚህ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። በለስ ስል በቁልቋል ላይ የሚበቅለውን እሾሃማ ፍሬ ማለቴ አይደለም፤ እርሱ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ሌላ ቤተሰብ ነው፤ ስሙን ብቻ ነው የተዋሰው።

አማርኛችን «ሾላ በድፍን» የሚል አባባል አለው። ውስጡ ሳይገለጥ ስለሚቀር ነገር፣ ሳይመረመር ስለሚያዝ ጉዳይ እንናገረዋለን። በዕፀዋት ሳይንስ ዓይን ሲታይ አባባሉ እንከን የለበትም። የሾላ ፍሬ የምንለው ነገር በጥብቅ አነጋገር ፍሬ አይደለም፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ አንዳንዴም በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን አበቦችን ወደ ውስጡ ገልብጦ የዘጋ ሥጋማ ከረጢት ነው። «ሾላ አበባ የለውም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትሳቁበት። አበባው አለ፤ ድፍን ቤት ውስጥ ነው ያለው።

በዓለም ላይ የሾላ ቤተሰብ ከ1,100 በላይ ዝርያዎች አሉት። ከእነዚህ ውስጥ 850 ያህሉ ፊከስ በሚባለው በአንድ ወገን ውስጥ ይገኛሉ፤ ዋርካና ሾላ የዚህ ወገን አባላት ናቸው። ከፊከስ ዝርያዎች ከግማሽ በላይ የሆኑት የእስያና የአውስትራሊያ አካባቢ ነዋሪዎች ሲሆኑ፣ በአፍሪካ የሚገኙት መቶ ገደማ ናቸው። የሐር ትል የሚመገብበት የሙልቤሪ ዛፍም የዚህ ቤተሰብ ነው፤ ቤተሰቡ የላቲን ስሙን ያገኘውም ከእርሱ ነው። በደቡብ ምሥራቅ እስያ እንደ በግ ግልገል የሚከብድ ፍሬ ከግንዱ ላይ የሚያንጠለጥለው ጃክፍሩትም እንዲሁ። ቅጠላቸውን ስትቀነጥቡ የሚንጠባጠበው ነጭ ወተት የዝምድናቸው ምልክት ነው፤ ምንም እንኳ ወተት ያለው ሁሉ ዘመዳቸው ባይሆንም፣ ለምሳሌ ቁልቋል።

በአገራችን ቤተሰቡ በሙሉ ክብሩ የሚታየው በደቡብ ምዕራብ ነው። በዚያ ዝቅተኛና እርጥብ ደን አንቲያሪስ የተባለው ረጅም ዛፍ ከሌሎቹ በላይ ራሱን አውጥቶ ይታያል፤ ትሪሌፒሲየም ከሥሩ ይቆማል፤ በጋምቤላ ቆላ ደግሞ በጣውላነቱ በምዕራብና በምሥራቅ አፍሪካ የታወቀው ሚሊሲያ ይበቅላል። እነዚህ ወደ እኛ አልመጡም፤ ዓባይንና ደጋውን አልተሻገሩም። ወደ ጋይንትና ወደ ስማዳ የዘለቁት ፊከሶችና አንዲት ትንሽ ዕፅ ናቸው።

ስለ ትንሿ ዕፅ ጥቂት ልበል፤ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ ይዘሏታል። ዶርስቴኒያ ባርኒሚያና ትባላለች፤ ሕዝባችን ግን «ወርቅ በሜዳ» የሚል እጅግ ያማረ ስም ሰጥቷታል። ቁመቷ ከስንዝር ብዙም አይበልጥም፤ ክረምት ሲገባ ከመሬት ውስጥ ካለው እብጥ ሥሯ ትወጣለች፣ በበጋ ትጠፋለች። ሥሯ ለመድኃኒት ይፈለጋል፤ ሥሩ ሲቆፈር ደግሞ ዕፅዋ ታከትማለች። ይህች ሣር መሰል ዕፅ መቶ ሰው የሚያስጠልለው የዋርካ ዘመድ ናት ሲባል የሚያምን ተማሪ አይገኝም። ማስረጃው አበባዋ ላይ ነው። የወርቅ በሜዳ አበቦች በአንድ ጠፍጣፋ ሥጋማ ገበታ ላይ ተደርድረው ፊታቸውን ወደ ሰማይ ሰጥተው ይታያሉ። ያንን ገበታ በሐሳባችሁ ዳር ዳሩን ወደ ላይ እጠፉትና እንደ ሳህን አድርጉት፤ ቀጥሎ እንደ ማሰሮ፤ በመጨረሻ አፉን ዝጉት። ያገኛችሁት ሾላ ነው። ቤተሰብ ማለት በቁመትና በግርማ ሞገስ አይለካም፤ በአበባ አሠራር ነው የሚለካው።

አሁን ወደ ባልደረባዬ ጥያቄ ልመለስ። የዝናብ ደን ቤተሰብ እዚህ ምን ያደርጋል?

መልሱ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው የታሪክ ነው። ከጎንደር ከተማ በስተ ምዕራብ በጭልጋ ከ27 እስከ 28 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላቸው የቅጠልና የግንድ ቅሪተ አካላት ተገኝተዋል። በውስጣቸው ዘንባባዎችና ዛሬ ዘመዶቻቸው በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ እርጥብ ደኖች የሚገኙ የባቄላ ቤተሰብ ዛፎች አሉ። ያን ጊዜ ይህን አካባቢ ያለበሰው የእሳተ ገሞራ ባዛልት ከፈሰሰ ብዙ አልቆየም፤ የጉና ተራራ ራሱ ገና አልተወለደም ነበር። ስለዚህ እርጥብ የሐሩር ደን ለጎንደር እንግዳ ነገር አይደለም። ምድሪቱ ከፍ እያለች፣ አየሩ እየቀዘቀዘና እየደረቀ ሲሄድ ግን ያ ደን ሸሸ። ከሸሸው ውስጥ የተወሰኑ ወገኖች አዲሱን አየር ሊቋቋሙ ቻሉ።

ለምን ፊከስ ቻለ? ይህ ሁለተኛው ክፍል ነው፤ እኔ በበኩሌ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ እርሱ ነው። የዝናብ ደን እርጥበቱ መሬቱ ላይ ነው። አናቱ ላይ፣ ማለትም ከመሬት 30 ሜትር ከፍታ ባለ ቅርንጫፍ ጉንድ ላይ ያለ ሕይወት ግን በረሃ ነው። አፈር የለም፤ ዝናብ ሲያባራ ውኃው በደቂቃዎች ይንጠፈጠፋል፤ ፀሐይ በቀጥታ ይመታል። ብዙ የፊከስ ዝርያዎች ሕይወታቸውን የሚጀምሩት እዚያ ነው። ወፍ ዘሩን ከሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ይጥለዋል፤ ዘሩ ይበቅላል፤ ሥሩን በግንዱ ላይ እያወረደ መሬት እስኪነካ ድረስ በጥማት ይኖራል። መሬት ከነካ በኋላ አስተናጋጁን ዛፍ ያቅፈዋል፣ አንዳንዴም ያንቀዋል። ጭብሃና ዋርካ ይህ ጠባይ አላቸው። እንግዲህ በዛፍ ጉንድ ላይ ያለ አፈር መኖር የለመደ ዕፅ፣ በጨጨሆ ገደል ስንጥቅ ወይም በአሮጌ ቤተ ክርስቲያን የድንጋይ አጥር ላይ ቢበቅል ምን ያስገርማል? የጥማትን ትምህርት የተማረው በዝናብ ደን መካከል ነው። በዚህ ምክንያት የሾላ ቤተሰብ የእኛን ገደል ሲያገኝ አዲስ አገር አልሆነበትም ብዬ አምናለሁ።

ሥርጭታቸውን ለማየት ከላይ ወደ ታች መውረድ ይበቃል፤ የአካባቢያችን መልክዓ ምድር ለዚህ የተመቸ ነው። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። በአናቱ ጅባራና አስታ፣ ዝቅ ሲል ኮሶ እናገኛለን፤ አንድም ፊከስ አናገኝም። ውርጭ ወተታማውን ቡቃያ ይገድለዋልና። የላይ ጋይንት ከተማ ነፋስ መውጫም፣ ስሟ እንደሚመሰክረው፣ ለዚህ ቤተሰብ ከፍ ያለችና ብርዳም ናት። ከ2,500 ሜትር ገደማ ዝቅ ስንል ነገሩ ይለወጣል። በእስቴ ወይና ደጋ፣ በመካነ ኢየሱስ ዙሪያ በመሰለው አገር፣ ዋርካና ጭብሃ የሚታዩበት ከፍታ ይጀምራል፤ ሾላ ጅረት ይዞ ይወርዳል። ወደ ታች ጋይንትና ወደ ስማዳ ቆላ፣ ከ1,500 ሜትር በታች ወደሚዘልቀው ወደ ባሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ስንወርድ ደግሞ የባምባ አገር ነው፤ በወንዝ ዳር፣ አሸዋው ውስጥ ውኃ በተደበቀበት ቦታ ሁሉ። በለስ በበኩሉ ድንጋያማ ዳገትና ቁጥቋጦ ይወዳል፤ ቁመቱም አጭር ነው።

እዚህ ላይ ለተማሪዎቼ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የአገር ስምና ዝርያ አንድ አይደሉም። በአንዱ ቀበሌ «ሾላ» የተባለው በሌላው «ባምባ» ሊሆን ይችላል። ፊከስ ሱር፣ ማለትም ሾላ ብለን የያዝነው፣ ቅጠሉ ለስላሳ ሆኖ ጠርዙ ጥርስ አለው። ፊከስ ሲኮሞረስ፣ ማለትም ባምባ፣ ቅጠሉ በእጅ ሲዳሰስ ይከረክራል፤ ቅርፊቱም ወደ ቢጫነት ያደላል። ሁለቱም ፍሬያቸውን በግንዳቸውና ቅጠል በሌላቸው ቅርንጫፎች ላይ ያበዛሉ፤ ግራ የሚያጋባውም ይህ ነው። ዋርካ፣ ፊከስ ቫስታ፣ ፍሬውን የሚይዘው ከቅጠሎቹ ሥር ነው። መረጃ ስትሰበስቡ ስሙን እንደ ነገሯችሁ ጻፉ፤ ነገር ግን ቅጠሉንና ፍሬውን አድርቃችሁ ካላመጣችሁ ስሙ ብቻውን አያስጉዝም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም የተደራጀው በዚህ መሠረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በታተመው በኢትዮጵያ ፍሎራ ሦስተኛ ቅጽ የዚህን ቤተሰብ ምዕራፍ የጻፉት ዴንማርካዊው ኢብ ፍሪስ የሠሩትም ከደረቁ ናሙናዎች ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው ነው።

ስለ ስም ካነሣን፣ ዋርካ፣ ሾላና በለስ ሳይንሳዊ ስማቸውን ያገኙት ኢትዮጵያ ውስጥ አይደለም። የካርል ሊኔየስ ተማሪ የነበረው ፔር ፎርስኮል ወደ የመን ተጉዞ በዚያው እ.ኤ.አ. በ1763 በሕመም ሞተ። ማስታወሻዎቹን የጉዞ ጓደኛው ካርስተን ኒቡር አሰናድቶ በ1775 አሳተማቸው፤ ሦስቱም ስሞች የወጡት ከዚያ መጽሐፍ ነው። ይህ የታሪክ ጌጥ ብቻ አይደለም። ቀይ ባሕር ለእነዚህ ዛፎች ድንበር እንዳልሆነ ያሳየናል። ዋርካ የአፍሪካ ቀንድ፣ የምሥራቅ አፍሪካና የደቡብ ዓረቢያ ዛፍ ነው። በለስ ከእኛ ተነሥቶ በዓረቢያ አልፎ እስከ ሰሜን ሕንድ ይደርሳል። ሾላና ጭብሃ ደግሞ አፍሪካን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዘዋታል። በአገራችንም ውስጥ እንዲሁ ነው፤ ትግርኛ ዳዕሮና ሳግላ፣ አፋን ኦሮሞ ቅልጡ፣ ሀርቡና ኦዳ እያለ ለየብቻቸው ስም ሰጥቷቸዋል። እያንዳንዱ ሕዝብ ለመምከር የተቀመጠው በዚህ ቤተሰብ ጥላ ሥር መሆኑን ልብ በሉ።

ይህን ሁሉ ከተናገርሁ በኋላ ወደ ድፍኑ ቤት ልግባ። የሾላ አበቦች ተዘግተው ሳለ ርክበ ብናኝ እንዴት ይፈጸማል? በከረጢቱ አናት ላይ በቅርፊት የተደፈነች ቀዳዳ አለች። በእርሷ የምትገባው ቁመቷ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሆነች ሴቴ ተርብ ናት። መግቢያው እጅግ ጠባብ ስለሆነ ክንፎቿ ተገንጥለው ይቀራሉ፤ ከገባች በኋላ መመለስ የለም። በውስጡ አንዳንዶቹን አበቦች በብናኝ ታዳርሳለች፤ በሌሎቹ ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች፤ በዚያው ትሞታለች። ከእንቁላሎቹ ቀድመው የሚወጡት ክንፍ የሌላቸው ወንዶች ናቸው። ሴቶቹን ገና በአበባው ውስጥ ሳሉ ይገናኛሉ፤ ቀጥሎ በከረጢቱ ግድግዳ ላይ መውጫ ይበሳሉ። ሴቶቹም ብናኝ ይዘው በዚያ መውጫ ይበርራሉ። ጋሊልና አይሲኮዊች የተባሉ ተመራማሪዎች በ1960ዎቹ በምሥራቅ አፍሪካ የባምባን ተርብ ሲያጠኑ፣ ሴቲቱ ብናኙን እንዲያው በአካሏ ተለጥፎ እንደማትወስደው፣ ይልቁንም በደረቷ ባሉ ኪሶች ሆን ብላ እንደምትሞላውና በሌላው ፍሬ ውስጥ እንደምታራግፈው አሳዩ። በመሠረቱ እያንዳንዱ የፊከስ ዝርያ የራሱ ተርብ አለው፤ ውልታቸው ከ60 ሚሊዮን ዓመት ያላነሰ ዕድሜ አለው።

ከዚህ አንድ ስጋት ይወለዳል፤ በመማሪያ መጻሕፍትም ሰፍሯል። ተርቧ የምትኖረው ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ነው። በአንድ ዛፍ ላይ ያሉ ፍሬዎች በአብዛኛው በአንድ ጊዜ ስለሚደርሱ፣ ከዚያ የወጣችው ተርብ ፍሬው ገና ለጋ የሆነ ሌላ ዛፍ ማግኘት አለባት። ዛፎች ከተመናመኑ ተርቦች ያልቃሉ፣ ተርቦች ካለቁ ዘር የለም። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ የኮምፒውተር ስሌት ተርቦች በአንድ አካባቢ ለጥቂት ዓመታት እንዲዘልቁ መቶ የሚጠጉ ዛፎች እንደሚያስፈልጉ አስልቶ ነበር። በዚህ መለኪያ ብንሄድ በየኮረብታው አንዳንድ ዋርካ የቀረበት የጋይንት ገጠር ጉዳዩ ያለቀለት ይመስላል።

እኔ ግን እንደዚያ አላይም፤ ምክንያቴም ከናሚቢያ የመጣ ነው። በናሚብ በረሃ በኡጋብ ወንዝ ዳር ባምባ ተራርቆ ይበቅላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የዘረመል ጥናት፣ ተርቦቹ በነፋስ ተጭነው የአንዱን ዛፍ ብናኝ እስከ 160 ኪሎ ሜትር ርቆ ለቆመ ሌላ ዛፍ እንዳደረሱ አረጋገጠ። የሁለት ቀን ዕድሜ ያላት፣ በዓይን ለማየት የምታስቸግር ነፍሳት! ከነፋስ መውጫ እስከ ባሽሎ ያለው ርቀት ለእርሷ ጎረቤት ነው። ከባምባ የተገኘውን ለዋርካ በቀጥታ ማሸጋገር እንደማይገባ አውቃለሁ፤ ተርባቸው የተለያየ ነውና። ነገር ግን ብቻውን የቆመ ዛፍ ሁሉ መካን ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። በመንገዳችሁ የወደቀ የሾላ ፍሬ ብታገኙ ሰንጥቃችሁ እዩት፤ ተርቡና ዘሩ ካለ የርክበ ብናኙ ሥራ ተከናውኗል ማለት ነው።

በሌላ በኩል ተርቧ በእርግጥ የሌለችበትን አገር እናውቃለን፤ ግብፅ ናት። ባምባ በግብፅ ከፈርዖኖች ዘመን ጀምሮ ይኖራል፤ ጥላው ይወደድ ነበር፣ ፍሬው ይበላ ነበር፣ እንጨቱም ለሬሳ ሣጥን ይውል ነበር። ነገር ግን ትክክለኛዋ ተርብ በዚያ የለችም፤ ያለችው እንቁላሏን የምትጥል እንጂ ብናኝ የማታደርስ ሌላ ተርብ ናት። ስለዚህ የግብፅ ባምባ ዘር አያፈራም። ገበሬው ፍሬውን በቢላ እየቧጠጠ ያበስለዋል፤ ነቢዩ አሞጽ ስለ ራሱ ሥራ የተናገረውን ሊቃውንት ከዚህ ጋር ያያይዙታል። በሉቃስ ወንጌል ዘኬዎስ የወጣበትም ዛፍ ይኸው ነው። በሺህ ዓመታት ውስጥ ያ ዛፍ በግብፅ የቆየው ሰው ቅርንጫፉን እየቆረጠ ስለተከለው ብቻ ነው። እጅ ባይኖር ኖሮ በአንድ የዛፍ ዕድሜ ይጠፋ ነበር።

እኛ የግብፅ ተቃራኒ ነን። ተርብ አለን፤ ዘር አለን፤ ዘሩን የሚበትኑ እርግብ፣ የሌሊት ወፍ፣ ጦጣና ዝንጀሮ አሉን። የጎደለን ዘሩ የሚያርፍበት መሬት ነው። የፊከስ ዘር ከጤፍ አይበልጥም፤ በውስጡ የያዘው ስንቅም እጅግ ጥቂት ነው። ለመብቀል እርጥብ ስንጥቅና ብርሃን፣ ከዚያም ለጥቂት ዓመታት ከአፍ መጠበቅን ይሻል። የበቀለው በእርሻ ላይ ከሆነ ማረሻ ይገለብጠዋል፤ በወል ግጦሽ ላይ ከሆነ ፍየል ትጨርሰዋለች፤ ቅጠሉ ለከብት የሚጣፍጥ መሆኑ ራሱ ጠላቱ ሆነ። በእነዚህ ወረዳዎች በእግሬ ስዘዋወር ከጉልበት የማይበልጥ ጭብሃ ወይም ዋርካ ያየሁት ሦስት ቦታ ነው፦ በገደል ፊት፣ በግንብ ስንጥቅና በሌላ ዛፍ ጉንድ ላይ። ሦስቱም ፍየል የማይደርስባቸው ናቸው። ገበያ መሐል ካለው ትልቅ ዋርካ ሥር ግን ልጁን አላየሁም።

ይህ ፊከስን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው ከባልደረቦቻቸው ጋር 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎችን መዝግበዋል። የዞናችን የዛፍ ሀብት በአመዛኙ በእነዚያ ቅጥሮች ውስጥ ተጠግቶ እንደሚኖር ከእርሳቸው ሥራ ተምረናል። ከሥራዎቻቸው ውስጥ ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅሙት ሁለቱ ናቸው። አንደኛው፣ የአብዛኞቹ የአገር በቀል ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ለብዙ ጊዜ ተከማችቶ አይጠብቅም፤ እናት ዛፉ ከሄደ አፈሩ አያስታውሰውም። ሁለተኛው፣ ከብት እንዳይገባ የታጠረ ቦታ ላይ ችግኞች በተሻለ ይበቅላሉ፣ በተሻለም ይተርፋሉ። ከዚያ ወዲህ በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ከማሳ ላይ በተለቀመ ድንጋይ ካብ መሠራቱ ከዚህ ግኝት የመጣ ነው።

ታዲያ ምን እናጣለን? አንድ ቆላማ የስማዳ ቤተሰብን አስቡ። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ድርቆሹ አልቆ፣ ሜዳው ነጭ ሆኖ ሳለ፣ ጭብሃ ለምለም ቅጠል ይዞ ይቆማል፤ ገበሬው ቅርንጫፉን መልምሎ ለበሬው ይጥልለታል። የአንድ ዝርያ ዛፎች ፍሬያቸውን በተለያየ ጊዜ ስለሚያደርሱ፣ ሌላ ፍሬ በሌለበት ወርም የሆነ ቦታ የሆነ ሾላ በስሎ ይገኛል። እረኛው ይህን ከእኛ በፊት ያውቃል፤ ወፉም ያውቃል። ወፉ ለሾላ ሲመጣ የሌሎች ዛፎችን ዘር ይጥላል፤ በብዙ የሐሩር አገሮች የተራቆተ መሬት ሲያገግም የመጀመሪያው ደን የሚሰበሰበው በፊከስ ጥላ ሥር የሆነው ለዚህ ነው። ባምባና ሾላ ደግሞ ውኃ ከመሬት ገጽ እንዳልራቀ ይጠቁማሉ። ባሕር ዛፍ ቤት ይሠራል፣ ገንዘብ ያመጣል፤ የሚያሳድገውን ገበሬ አልወቅስም። ከእነዚህ አንዱንም ግን አይተካም።

የወረዳ ባለሙያዎች በመካከላችን ስላሉ በግልጽ ልናገር። በችግኝ ተከላ ዘመቻ ሪፖርት ላይ ቁጥር አያለሁ፤ ዋርካና ባምባን ግን እምብዛም አላይም። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ደቃቅ ዘራቸው ለችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ አስቸጋሪ ነው። ነገር ግን ጭብሃ ዘር አያስፈልገውም። የክንድ ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ተቆርጦ በክረምት መግቢያ ቢተከል ሥር ይሰዳል፤ አባቶቻችን የቤታቸውን አጥር የሠሩት እንዲህ ነው። ባምባም በቅርንጫፍ ይበቅላል፤ ግብፆች በሺህ ዓመታት አስመስክረዋል። በሴፍቲኔት ጉልበት የተከለሉ ተዳፋቶችና የተገደቡ ቦረቦሮች አሉን። ከግጦሽ ስለተጠበቁ ለዚህ ሥራ የተዘጋጁ ናቸው። በቦረቦሩ ክትር ግርጌ፣ ደለልና እርጥበት በሚጠራቀምበት፣ በቆላው ባምባ በወይና ደጋው ጭብሃ ቢተከል ወጪው የመጥረቢያና የአንድ ቀን ጉልበት ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ሁሉንም ቅርንጫፍ ከአንድ ዛፍ ብንቆርጥ የምንተክለው አንዱኑ ዛፍ ደጋግመን ነው፤ ፍሬያቸውም በአንድ ጊዜ ሊደርስ ስለሚችል ተርቧ ከአንዱ ወጥታ በሌላው የምትገባበት ፍሬ ታጣለች። ስለዚህ ከተለያዩ ቀበሌዎች፣ ከተለያዩ እናት ዛፎች ይቆረጥ። ለዋርካ ደግሞ ቅርንጫፍ ብቻውን አይበቃም፤ የቤተ ክርስቲያን ካብ ሲሠራ አረም ነው ተብሎ ከስንጥቁ የሚነቀለውን ቡቃያ አንሥቶ በታጠረ ቦታ ማዛወር ይቻላል። ለዚህ ከአስተዳዳሪዎቹና ከካህናቱ ጋር መነጋገር ብቻ ይጠይቃል።

በዚህ ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ የምትጀምሩ ተማሪዎች፣ ወደ እስቴ ወይም ወደ ታች ጋይንት ስትሄዱ የትላልቆቹን ዋርካዎች የግንድ ዙሪያ መለካት ቀላል ነው፤ ፎቶግራፉም ያምራል። እኔ የምፈልገው ሌላ ሠንጠረዥ ነው። ከእያንዳንዱ ትልቅ ዛፍ በ100 ሜትር ዙሪያ ከጉልበት በታች የሆነ ልጅ ስንት አለ? የት ላይ በቀለ፣ በመሬት ነው በድንጋይ ወይስ በዛፍ? ከብት ይደርስበታል? በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ፍሬው ለጋ ነው፣ በስሏል ወይስ የለም ብላችሁ መዝግቡ፤ ቢቻል ለአንድ ሙሉ ዓመት፣ በመንደሩ ካለ የእረኛ ልጅ ጋር ተስማምታችሁ። የእረኛውን ስምም በምስጋና ገጻችሁ ላይ፣ ፈቃዱን ጠይቃችሁ፣ ጻፉ።

ወርቅ በሜዳን ለማየት ለምትፈልጉ፣ ክረምት ካልሆነ በስተቀር አትድከሙ፤ ስታገኟትም ለናሙና አንድ ብቻ ውሰዱ፣ ሥሯን ግን በቦታዋ ተዉላት።

አሁን ወደ ጥያቄዎች እንለፍ፤ ስለ ዝናቡ የጠየቀኝ ባልደረባዬ ከኋላ ተቀምጧልና ከእርሱ ብንጀምር ደስ ይለኛል።